ጉልቻውን የለወጠው ሰው

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የምትል ተረት አለችን። ሹመት ሲቀያየር፣ አለቃ ሲለወጥ፣ ነገሩ ግን ያው ሲሆንብን እንተርታታለን። እኔም ስሰማት ስላደግሁ እውነትነቷን ጠርጥሬ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ጠርጥሬያታለሁ። ያስጠረጠረኝ ደግሞ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ጉልቻ፣ ምድጃና ጭስ ማውጫ ሲለዋውጥ ኖረ። ለውጡም የብዙ ቤቶችን የማገዶ ወጪ ቀነሰ፣ የብዙ ሰዎችን ዓይን ከጭስ ገላገለ። የተወለደበት ስሙ ቤንጃሚን ቶምፕሰን ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ካውንት ራምፎርድ በሚለው ማዕረጉ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ያነሳሳኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። ያረጀ መኖሪያ ቤት መርጠን፣ ለክተንና ነድፈን፣ ያለበትን ችግር ከነመፍትሔው እንድናቀርብ ነበር። እኔ የመረጥኩት ደብረ ብርሃን የሚገኘውን የአያቴን ቤት ነው። ግድግዳው የጭቃ ምርግ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለው፣ በሩ ከነመቃኑ የተንጋደደ፣ ከጓሮ ደግሞ ጭስ ያጠቆራት ማድ ቤት። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ እሳት ተቀጣጥሎ እንኳ ፊት እየሞቀ ጀርባ ይበርደዋል። ችግሩን በሁለት ገጽ ዘረዘርኩና መፍትሔውን በአንድ መስመር ቋጨሁት፦ ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከ10 ያገኘሁት 3 ነው። ማፍረስ ከጥያቄው መሸሽ እንደሆነ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው፣ ከሥሩ አንድ ስም ብቻ አስቀምጠዋል፦ ራምፎርድ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ከዚህ በታች የምታነቡት ያገኘሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነጋዴው ሠራተኛ

ቤንጃሚን ቶምፕሰን የተወለደው ማርች 26 ቀን 1753 በሰሜን አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዎበርን በምትባል የገበሬዎች መንደር ነው። አገሩ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። አባቱ የሞተው እሱ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። 13 ዓመት ሲሆነው ሴለም ከተማ ለአንድ ነጋዴ ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ልቡ ግን ከሱቁ አልነበረም። ርችት እሠራለሁ ብሎ ባሩድ ሲቀላቅል ፈንድቶበት ክፉኛ ተቃጥሏል። ሌላው ልጅ ቢሆን ከእሳት ይሸሽ ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ እሳትን ሲከተል ኖረ።

ዲግሪ አልነበረውም። ሎአሚ ባልድዊን ከሚባል ጓደኛው ጋር በእግሩ እየተጓዘ ሃርቫርድ ኮሌጅ የፕሮፌሰር ጆን ዊንትሮፕን ትምህርት ያዳምጥ እንደነበር ተጽፏል። ከዚያ ኮንኮርድ ወደምትባል የኒው ሃምፕሻየር ከተማ ሄዶ አስተማሪ ሆነ። ከተማዋ ቀድሞ ራምፎርድ ትባል ነበር፤ ስሟን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። በ1772፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ከእሱ ከአሥር ዓመት በላይ የምትበልጥ ሳራ ዎከር ሮልፍ የምትባል ሀብታም ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። በአንድ ጊዜ ከድሃ አስተማሪነት ወደ ባለ ርስትነት ተሸጋገረ። በ1774 ሴት ልጅ ወለዱ፤ እሷም ሳራ ተባለች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይበላሻል። አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ሊነሱ ሲዘጋጁ ቶምፕሰን ከንጉሡ ወገን ቆመ። የአገሩ ሰዎች ሲጠረጥሩት ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ጥሎ ሸሸ። የጠረጠሩትም በከንቱ አልነበረም፤ በ1775 በማይታይ ቀለም የተጻፈ የስለላ ደብዳቤ ቦስተን ለነበረው የእንግሊዝ ጦር አድርሷል። በ1776 ወደ ለንደን ተሻገረ። ሚስቱን ዳግመኛ አላያትም፤ በ1792 እንደተለያዩ ሞተች።

ለንደን ላይ ፈጥኖ አደገ። በቅኝ ግዛቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ፤ ጎን ለጎን በባሩድና በጠመንጃ ላይ ምርምር ያደርግ ጀመር። ጥይት የሌለበት ጠመንጃ ሲተኮስ ጥይት ካለበት ይልቅ አፈሙዙ ይበልጥ እንደሚግል ያስተዋለው ያኔ ነው። ለሌላው ተራ ነገር ነበር፤ እሱ ግን ሙቀት ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ከዚያ ጀምሮ አልለቀቀውም። በ1779 ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሳይንስ ማኅበር አባል አደረገው።

ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር አዛዥ ሆኖ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ሎንግ አይላንድ ላይ ሃንቲንግተን በምትባል ቦታ ጦሩ የመቃብር ስፍራ ላይ ምሽግ ሠራ፤ የመቃብር ድንጋዮቹንም ነቅለው የዳቦ መጋገሪያ አደረጓቸው። በዳቦው ሥር የሟቾቹ ስም ታትሞ ይወጣ ነበር እየተባለ በአካባቢው ሲነገር ኖሯል። ይኸው ነው እንግዲህ፤ የምድጃ ሊቅ የተባለው ሰው ስሙ ከምድጃ ጋር ቀድሞ የተነሳው እንዲህ ባለ ነውር ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ መምህሬ ለምን ይህን ሰው መረጡልኝ ብዬ አስቤአለሁ።

የሙኒክ ሾርባና የጋቢ ምሥጢር

በ1784 ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የሰር ማዕረግ ሰጡት፤ እሱም የባቫሪያው ገዢ ካርል ቴዎዶር አገልጋይ ለመሆን ወደ ሙኒክ ሄደ። የተሰጠው ሥራ ጦሩን ማሻሻል ነበር። ወታደሩ ይራባል፣ ይበርደዋል፣ ደመወዙ አይበቃውም። ቶምፕሰን ነገሩን ከልብሱ ጀመረ። የትኛው ጨርቅ ይበልጥ ያሞቃል? ሱፍ፣ ጥጥ፣ ሐር፣ የእንስሳ ጠጉር፣ ላባ እየለዋወጠ ቴርሞሜትር ዙሪያ ጠቀለለና ለመቀዝቀዝ የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ለካ።

ያገኘው ነገር ለእኛ አዲስ አይመስልም፤ ጋቢ እንለብሳለና። ጋቢ አራት እጥፍ የሆነው ለምንድን ነው? አንድ ወፍራም ጨርቅ ለምን አይበቃም? የሚያሞቀን ክሩ ብቻ ስላልሆነ ነው። በክሩና በእጥፉ መካከል ተይዞ የቆመው አየር ሙቀታችን እንዳያመልጥ ይጠብቃል። ቶምፕሰንም የደረሰበት እዚሁ ላይ ነው፤ የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ሮያል ሶሳይቲ በ1792 ኮፕሊ የተባለውን ከፍተኛ ሜዳሊያ የሸለመው ለእነዚህ የሙቀት ጥናቶቹ ነው። ዛሬ ያረጀ ቤት ሲታደስ ጣሪያው ሥር የሚነጠፈው ጥጥ መሳይ ነገር፣ በግድግዳ መካከል የሚሞላው ፎም፣ ድርብ የመስኮት መስታወት፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። ቤትን ጋቢ ማልበስ በሉት።

ሙኒክ ያኔ በለማኝ የተጨናነቀች ከተማ ነበረች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1790 ቶምፕሰን ወታደርና ሹማምንት አሰማርቶ ለማኞቹን በአንድ ቀን አስለቀመ፤ ሥራ፣ ምግብና ሙቀት የሚያገኙበት ቤት አቋቋመላቸው። እዚያ የሚሠራው ልብስ ለጦሩ ይውላል። አሠራሩ የወታደር ነው፤ ፈቃዳችሁ ነው ወይ ተብለው አልተጠየቁም። ሆኖም የተዘጋጀላቸው ቤት የሞቀ ነበር፤ ምግቡም ገብስና አተር፣ ድንችና ኮምጣጤ ያለበት ሾርባ ከዳቦ ጋር። የከተማው ሰው ያኔ ድንችን ስለሚጸየፍ መጀመሪያ ላይ ድንቹ እንዳይታወቅ ተደብቆ ይቀቀል ነበር ይባላል። ሾርባው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በየቀኑ ለአንድ ሺህና ከዚያ በላይ ሰው ምግብ ለማብሰል ግን ማገዶ ይፈጃል። ቶምፕሰን ወጥ ቤቱን ገብቶ ሲያይ ያየው እኛ ሦስት ጉልቻ ላይ የምናየውን ነው። እሳቱ ክፍት ነው። ነበልባሉ ከድስቱ ይልቅ አየሩን ይሞቃል፤ ወጥ ሠሪዋ ትለበለባለች፣ ወጡ ይዘገያል። ስለዚህ እሳቱን በጡብ ከበበው። ለእያንዳንዱ ድስት ልኩን የጠበቀ የራሱ ጉድጓድ፣ የራሱ አነስተኛ እሳት፣ የራሱ አየር ማስገቢያ በር ሠራለት። ወጥ ሠሪዋ በሩን ስትከፍት እሳቱ ይነድዳል፣ ስትዘጋው ይበርዳል። ጣሊያን ቬሮና ውስጥም የሁለት ሆስፒታሎችን ወጥ ቤት በዚሁ መንገድ አድሶ የሚፈጁትን ማገዶ በእጅጉ ቀንሷል። ሕንፃዎቹ አልፈረሱም፤ የተለወጠው ምድጃው ብቻ ነው።

ሙኒክ ላይ በ1789 የተጀመረው የእንግሊዝ አትክልት የሚባለው ሰፊ መናፈሻም የእሱ ሐሳብ ነው። ካርል ቴዎዶር ለውለታው በ1792 የካውንትነት ማዕረግ ሲሰጡት ማን ልባል ብሎ አሰበ። የመረጠው ራምፎርድ የሚለውን ነው፤ ሚስቱን ጥሎባት የሸሸባትን የዚያችን ከተማ የድሮ ስም። ለምን መረጠው? ጸጸት ይሁን ናፍቆት ወይም ትምክህት፣ እያንዳንዳችሁ ፍረዱ።

የጭስ ማውጫው ጉሮሮ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ራምፎርድ በ1795 ወደ ለንደን ሲመለስ ከተማዋ የጭስ ከተማ ነበረች። እያንዳንዱ ቤት ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ሰፊ ምድጃ አለው፤ የሚነድደው የድንጋይ ከሰል ነው። ምድጃው እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን፣ ጥልቅና ሰፊ ሲሆን ከላዩ ያለው የጭስ ማውጫ አፍም እንደዚያው ሰፊ ነው።

የዚህ ምድጃ ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሳቱ ከኋላ ጥልቀቱ ውስጥ ስለተቀመጠና የግራና የቀኝ ግድግዳዎቹ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ጨረሩ እዚያው እርስ በርሱ ይመላለሳል እንጂ ወደ ክፍሉ አይወጣም። ሁለተኛ፣ የማውጫው አፍ ሰፊ ስለሆነ ከጭሱ ጋር የክፍሉን ሞቃት አየር ጭምር እየሳበ ወደ ሰማይ ይተፋዋል። በወጣው አየር ምትክ በበሩና በመስኮቱ ስንጥቅ ብርድ ይገባል። እሳቱ በበዛ ቁጥር ስቦ የሚያስገባው ብርድም ይበዛል ማለት ነው! አንዳንዴ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር በዚያው ሰፊ አፍ ተመልሶ ሲወርድ ጭሱን ወደ ክፍሉ ያመጣዋል። ሰውየው ፊቱ እየተጠበሰ ጀርባው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ይህን ሳነብ የአያቴ ማድ ቤት ትዝ አለኝ።

የለንደን ሀብታም ችግሩን የሚፈታው ከሰል በመጨመር ነበር። ራምፎርድ ግን ከሰሉን ትቶ የከሰሉ ሙቀት በየት በኩል እንደሚያመልጥ ተመለከተ። ከዚያ ግንበኛ ጠርቶ፣ ጥቂት ጡብና ምርግ አስመጥቶ፣ ነባሩን ምድጃ ሳያፈርስ ከውስጡ ሌላ ምድጃ አስገነባ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

የኋላውን ግድግዳ ወደፊት አመጣው፤ ምድጃው ጥልቀቱ ቀነሰ። የኋላው ግድግዳ ስፋት ከፊቱ ክፍት ቦታ ሢሶ ያህል እንዲሆን አደረገ። የግራና የቀኙን ግድግዳ ከኋላው ጋር 135 ዲግሪ ያህል እንዲሠሩ አድርጎ አዘነበላቸው፤ ጨረሩም ከእነሱ ላይ እየነጠረ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ጎኖቹ ከብረት ይልቅ በጡብ ሆነው ኖራ እንዲቀቡ መከረ። ከሁሉም በላይ ግን ጉሮሮውን አጠበበው። የጭስ ማውጫው መነሻ፣ እሳቱ አናት ላይ፣ አራት ኢንች ያህል፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ክፍት ሆኖ ቀረ። የጉሮሮውን የፊት ጠርዝ ደግሞ አድቦለቦለው፤ ጭሱ ሳይሰናከል እንዲወጣ። ከጉሮሮው በስተኋላ እንደ መደርደሪያ ያለ ጠፍጣፋ ቦታ ስለቀረ ከላይ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር እዚያ ላይ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አሳሰበው። በዚያ ዘመን ጭስ ማውጫ የሚጠርጉት ውስጡ የሚወጡ ትንንሽ ልጆች ነበሩ፤ ጉሮሮው ከጠበበ ልጁ በየት ያልፋል? ለዚህም ሲባል ከጉሮሮው ኋላ አንድ ድንጋይ ሳይለሰን እንዲቀመጥ አደረገ፤ ጠራጊው ሲመጣ ይነሳል፣ ሲጨርስ ይመለሳል። እኔ በበኩሌ ከንድፉ ሁሉ የወደድኩት ይህችን ድንጋይ ነው። ቤት ሲሻሻል ነገ የሚጠግነውን ሰው ማሰብ እንደሚያስፈልግ ታስተምራለች።

ወጪው የጥቂት ጡብና የግንበኛ የቀን ሥራ ነው። ራምፎርድ እንደገለጸው ማገዶው በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በ1796 አሠራሩን ማንም ግንበኛ ሊከተለው በሚችል ቀላል አገላለጽ፣ ከነልኩና ከነሥዕሉ አሳተመው። የባለቤትነት መብት አላስመዘገበበትም፤ የፈለገ ሁሉ ይሥራው ብሎ ለቀቀው። እሱ ራሱ ለንደን ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ምድጃዎችን አሳድሷል። ነገሩ ፋሽን እስከመሆን ደረሰ። ጄን ኦስተን ኖርዛንገር አቤይ በተባለው ልቦለዷ የራምፎርድን ምድጃ ጠቅሳለች፤ ቶማስ ጄፈርሰንም ሞንቲቼሎ በሚገኘው ቤቱ አስገብቶታል። ዛሬም በአሜሪካ በዚሁ ቅርጽ የሚሠሩ ግንበኞች አሉ።

ድርብ መስታወት፣ መድፍና አበባ

ራምፎርድ ለንደን ብሮምፕተን ሮው ላይ የገዛውን የራሱን ቤትም የሙከራ ቦታ አደረገው። ምድጃዎቹንና ወጥ ቤቱን በራሱ አሠራር ለወጠ። መስኮቶቹን ድርብ መስታወት አድርጎ በመካከላቸው አትክልት አስቀመጠበት። ምክንያቱን አሁን እናውቀዋለን፤ በሁለቱ መስታወት መካከል የሚቆመው አየር የጋቢውን ሥራ ይሠራል። ያረጀ ቤት ሳይፈርስ እንዴት ሞቃት እንደሚሆን ለማየት እንግዶች ይጎበኙት ነበር።

ከዚያ በፊት ሙኒክ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አሳይቷል። ያኔ ሊቃውንቱ ሙቀትን ካሎሪክ የሚባል ከአካል ወደ አካል የሚፈስ የማይታይ ፈሳሽ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ራምፎርድ የመድፍ አፈሙዝ በሚሰረሰርበት ፋብሪካ ውስጥ ናሱን ውኃ ውስጥ አስገብቶ በደነዘ መሰርሰሪያ በፈረስ ጉልበት አስፈተገው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውኃው ያለ አንዳች እሳት ፈላ። ፍተጋው እስካልቆመ ድረስ ሙቀቱም አላቆመም። ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ማለቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ሙቀት እንቅስቃሴ ነው አለ። ይህን ያሳተመው በ1798 ነው። ሁሉንም ግን አላገኘም። አየርና ውኃ በባሕርያቸው ሙቀትን ጨርሶ አያስተላልፉም ማለቱና ቅዝቃዜም የራሱ ጨረር አለው ብሎ ማመኑ ስህተት እንደነበር ዛሬ እናውቃለን።

በ1799 ለንደን ላይ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲቋቋም ዋናው አነሳሽ እሱ ነበር። ዓላማው ሳይንስን ወደ ተራው ሰው ቤትና ወደ ግንበኛው እጅ ማድረስ ነው። ሃምፍሪ ዴቪንና ቶማስ ያንግን ለተቋሙ ያስቀጠረው እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከሰዎቹ ጋር ተጣልቶ በ1802 እንግሊዝን ለቅቆ ሄደ። ከማንም ጋር አብሮ መቆየት አይሆንለትም ነበር።

ፓሪስ ላይም የሆነው ይኸው ነው። በ1805 ማሪ አን የተባለችውን፣ በ1794 በጊዮቲን የተገደለውን የታላቁን ኬሚስት የላቭዋዚዬን ሚስት አገባ። የካሎሪክን ሐሳብ በሰፊው ያስተማረው ላቭዋዚዬ ስለነበር ራምፎርድ የባልየውን ሐሳብ ካፈረሰ በኋላ ሚስቱን አገባ ማለት ነው። እሷ እንግዳ መጋበዝ ትወዳለች፣ እሱ ጸጥታ ይፈልጋል። አንድ ቀን እንግዶቿ እንዳይገቡ በሩን ቢዘጋባት፣ እሷ ደግሞ የሚሳሳላቸው አበቦቹ ላይ የፈላ ውኃ ቸለሰችባቸው። በ1809 ተለያዩ። ስለ ሙቀት ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው በገዛ ቤቱ ሙቀት አጣ። ኦገስት 21 ቀን 1814 ፓሪስ አጠገብ ኦተይ በምትባል መንደር በ61 ዓመቱ ሞተ። ቅርሱን ሲያከፋፍል በእግሩ እየሄደ የተማረበትን ሃርቫርድን አልረሳም፤ በስሙ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተቋቁሞበታል።

ታዲያ ምን እንበል?

እውነቱን ለመናገር ራምፎርድን አልወደድኩትም። ሚስቱን ጥሏል፣ ጎረቤቶቹን ሰልሏል፣ ወታደሮቹ የሰው መቃብር ነቅለው ምድጃ ሠርተዋል። ለድሃ ሲያስብ እንኳ እንደ አዛዥ ነው የሚያስበው። ይህን ሁሉ ሸፍኜ ደግ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ሆኖም ስንቱ ደግ ሰው በጭስ የታፈነች ወጥ ሠሪ አጠገብ አልፎ ሄዷል? አዝኖላትም ይሆናል። ራምፎርድ ግን ጎንበስ ብሎ ጉሮሮውን በኢንች ለካ። ማዘን ብቻውን ጭስ አያወጣም። እኔም አያቴን እወዳታለሁ፤ ለ20 ዓመት ግን ማድ ቤቷን አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም ነበር።

የእሱ ዘዴ በአገራችንም እንግዳ አይደለም። ምርጥ ምጣድ የተባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከብቦ ከክፍት ሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃም በዚያው መንገድ ትሠራለች። መርሑ አንድ ነው፦ እሳቱን ክበበው፣ ሙቀቱ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ አጥብብ፣ ለጭሱ መውጫ ስጠው።

ለክረምት እረፍት ደብረ ብርሃን ስሄድ የቤት ሥራዬን እንደገና ሠራሁት። የተንጋደደውን በር ቀና አድርገን ከሥሩ ያለውን ክፍተት በጣውላ ዘጋን። ግድግዳው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ በጭቃና በጭድ መረግነው። የማዳበሪያ ከረጢት አጥበን፣ ሰፍተን፣ ኮርኒስ ወጠርን፤ ከቆርቆሮው ሥር የቆመ አየር እንዲኖር። ማድ ቤቷ ውስጥ ደግሞ ምርጥ ምጣድ ተከልንና ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከበላዩ ከፈትንለት። አያቴ መጀመሪያ ላይ ሥራችንን ሁሉ በፈገግታ ታይ ነበር፤ ያቺን የጉልቻ ተረትም ሳትተርትብኝ አልቀረችም።

እኔ ሚዛን አልነበረኝም፤ አያቴ ግን ጭራሮዋን በእስር ትቆጥራለች። በፊት በአንድ ጋገራ ሁለት እስር ይፈጅ የነበረው አሁን አንዱ እስር በቅቶ ትንሽም ይተርፋል አለችኝ። ወጡስ ብዬ ብጠይቃት ያው ወጥ እንደሆነ ነገረችኝ። ተረቷ ስለ ወጡ ያለችው እውነት ነው፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ተረቷ የረሳችው ወጥ የምትሠራዋን ሴት ነው። አያቴ እንጀራ ጋግራ ስትወጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ሳትጠርግ ያየኋት በዚያ ክረምት ነው።

ለመምህራችን ወረቀቱን በድጋሚ አስገብቻለሁ። ውጤቱ ስንት ሆነ የሚለውን ግን ለራሴ ልተወው። ቸር እንሰንብት!